በሚካኤል ቀን የተቆጠሩ በቅሎዎች

አደባባዩ እኔን ያስወጣኝ ሃያ ስድስት ቆርቆሮ፣ አንድ ማጭድ፣ አንድ የወይራ ግንድ፣ አራት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ የተቀመጥኩበት ስብሰባ፣ እና ሃያ ዓመት ደጄን ያልለወጡ የአንድ የጉና ሽማግሌ ደንበኝነት ነው። ቆርቆሮው ያገለገለ ስለነበር ብዙም አላዘንኩበትም። ማጭዱም ማጭድ ነው። ስብሰባውም ቢሆን ውሃና ብስኩት ነበረው። የምጽፈው ስለ ቀሩት ሁለቱ ነው።

ሱቄ ደብረ ታቦር ከገበያው በታች፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው መንገድ ከተማውን የሚነካበት ላይ ነው። ገመድ፣ መጫኛ፣ ጨው፣ ማረሻ፣ ማጭድ፣ የኮርቻ ዕቃ እሸጣለሁ። ሸቀጤን ያየ ሰው ደንበኛዬ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ባለ አራት እግሩ ነው። ባለ ሁለት እግሩ ገንዘብ ይይዝለታል እንጂ።

ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ባዶ ቦታ ነበረ። ባዶ ያልኩት ቤት ስላልነበረበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንችና ገብስ ጭነው የሚወርዱ የጉና ሰዎች በቅሎና አህያቸውን የሚያስሩት እዚያ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም የወይራ ግንድ ተተክሏል። ከግንዱ ጎን ጭነት የሚያወርዱበትና ወደ ኮርቻ የሚወጡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በአንዱ ጥግ ደግሞ እኔ ያቆምኩት የቆርቆሮ ዳስ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሰዉም ጆንያውም እዚያ ይጠለላል። ቦታው ውብ ነበር ብዬ አልዋሽም። ክረምት ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ በጋ የፋንድያው ብናኝ እንደ ቅመም ምሳችን ላይ ይነሰነሳል። የዝንቡን ነገር ልተወው።

ግንዱን ያመጡት ሽማግሌው ናቸው። ሱቄን የከፈትኩ ሰሞን በቅሏቸውን የሚያስሩበት አጥተው ደጄ ላይ ልጓሟን ይዘው ቆመው ነበር። በቅሎዋ የጨው ጆንያዬን ስትልስ እኔ ዓይኔን ሳፈጥ፣ እሳቸው ሳይደነግጡ፣

"አንተ ልጅ፣ ማሰሪያ የሌለው ሱቅ ምን ሱቅ ነው?" አሉኝ።

"አንቱ ካመጡልኝ እተክላለሁ" አልኳቸው፣ ለጨዋታ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከጉና ግርጌ ድረስ በጥንድ በሬ አስጎትተው አንድ ወይራ ይዘውልኝ መጡ። ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል። የገንዘብ ነገር ሳነሳ ተቆጡ። ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን፣ እሳቸው ግንዱን ያዙ፣ እኔ አፈሩን ረገጥኩ። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው አገር ሰው ጨውም ገመድም ከእኔ ነው የሚገዛው። ማንም ማስታወቂያ አልለጠፈም። ሽማግሌው ያሰሩበት ያስራሉ፣ ሽማግሌው የገዙበት ይገዛሉ፣ በቃ።

የአደባባዩ ፕሮጀክት ባለሙያ የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጨዋ ወጣት ነበር፤ ጫማው ነጭ። ነጭ ጫማ አድርጎ እዚያ ቦታ ላይ የሚቆም ሰው ያኔውኑ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ቦታ ምን አለው?" አለኝ። ታሪኩን ማለቱ ነው።

"ፋንድያ አለው" አልኩት።

ሳቀና ጻፈ። ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ አስረዳኝ። ከላይ ተሠርቶ የሚወርድ ፕላን ቀርቷል፤ አሁን ሕዝቡ ራሱ አልሞ፣ ራሱ ነድፎ፣ ራሱ ነው የሚሠራው፤ እሱና ባልደረቦቹ የሚያመቻቹ ብቻ ናቸው። ሁሉን ነገር ሕዝቡ ከሠራው አንተ ለምን አበል ትበላለህ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ገና መተዋወቃችን ነበር።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ወደ አዳራሽ ተጠራን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፣ ለየሰዉ ደግሞ ባለ ቀለም ቁራጭ ወረቀት ታደለ። "ስለ ቦታው ያላችሁን ሕልም ጻፉ" ተባልን። የገበያ ሰው ሕልሙን ለንስሐ አባቱ እንኳ ቀንሶ ነው የሚነግረው። ዳቦ ቤት ያለው ሰው "ሰላም" ብሎ ጻፈ። መድኃኒት ቤት ያለው "ልማት" አለ። እኔ "ንጽሕና" ጻፍኩ፤ ዝንቡ ትዝ ብሎኝ ነው።

በቦታው ጥግ ተቀምጠው ለበቅሎዎቹ ሣር የሚሸጡት እማማ ግን ፊደል አልቆጠሩም። "ግድ የለም እማማ፣ ይሳሉት" ተባሉ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ባለሙያው ወረቀቱን ተቀብሎ ከፍ አደረገና በደስታ ጮኸ፤

"ድንቅ ነው! አግዳሚ ወንበር!"

ተጨበጨበ። እማማ ወደ እኔ ዞረው፣

"ምን አለ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ወንበር ነው አለ።"

"በቅሎ ነች እንጂ!"

"ይንገሩት እንግዲህ።"

"ጆሮዋን አድርጌላታለሁኮ። ጆሮ ያለው ወንበር የት አይቶ ያውቃል?" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ።

ዝም ያሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እኛ አገር እንግዳ ፊት "አይሆንም" ማለት ደስ አይልም። ሰው ከሩቅ መጥቶ፣ ደክሞ፣ ውሃ አድሎ፣ ብስኩት አብልቶ እንዴት "አይሆንም" ይባላል? "መልካም ነው፣ እናያለን" እንላለን። ከእኛ አንዱ "እናያለን" ሲባል ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባለሙያው ግን "ሙሉ ስምምነት" ብሎ ጻፈ። አራት ወር ሙሉ የተባለውን ሁሉ "እናያለን" እያልን አደባባይ ሠራን።

እኔን የኮሚቴው ሊቀ መንበር አድርገው መረጡኝ። የተመረጥኩት ስብሰባው ላይ ብዙ ስለማልናገር አስተዋይ መስዬ ነው፤ ብስኩት እያኘክሁ ነበር። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ሰደርያ ሰጡኝ። ሚስቴ አየችውና፣ "የባጃጅ ተራ አስከባሪ ሆንክ እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ ጥናት የሚባለው ቀረ። በቦታው ስንት ሰውና ስንት ከብት እንደሚገለገል በአንድ የገበያ ቀን ተቆጥሮ መታወቅ ነበረበት። ሐሳቡ እንኳ መልካም ነው፤ አራት ወር ውስጥ የሰማሁት ብቸኛው መልካም ሐሳብ ነው። ባለሙያው ከመዝገቡ አንድ ቅዳሜ መረጠ። ያ ቅዳሜ ኅዳር ሚካኤል ዋለ።

የዚህ አገር ሰው ለሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የሽማግሌው ደብር ሚካኤል ነው። በኅዳር አሥራ ሁለት የዚያ አገር ሰው ታቦት ያነግሣል፣ ከዚያ ማኅበሩ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ጠላው አለ። ድንች ጭኖ ወደ ከተማ የሚወርድ ቢገኝ ምን ነክቶት ነው ይባላል። በቅሎዋ ራሷ በዓል ታከብራለች፤ ሜዳ ላይ ተለቅቃ ትውላለች።

ባለሙያው ከጠዋት ጀምሮ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆጠረ። እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት አህያና አንድ ውሻ አገኘ። አህዮቹ የእንጨት ሻጮች ናቸው። ውሻው የእኔ ነው፤ "ሌሎች" በሚለው ሥር ጻፈው።

እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በነጭ ልብሳቸው ሱቄ ደጅ ቆሙ። ሣርም አላመጡም ነበር።

"ይሄ ልጅ ምን ይቆጥራል?"

"በቅሎ።"

"በሚካኤል?"

"ቀኑን እሱ ነው የመረጠው።"

"አንተስ አፍ የለህም?"

"እማማ፣ እንግዳ ፊት እንዴት ብዬ . . ."

"ተው እባክህ፤ ጨው ላይ ዋጋ ስትጨምር እንግዳ አታፍር!" ብለውኝ ሄዱ።

ቆይቶ ባለሙያው ራሱ መጣ። ላቡን ጠርጎ፣ ከልቡ፣ እንደ ተማሪ ጠየቀኝ፤

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

እዚህ ላይ ነው እኔ ጥፋቱ ውስጥ የምገባው። ባለፈው ማክሰኞ ንድፉን አሳይቶኝ ነበር። በንድፉ ላይ ፋንድያ የለም፣ ዝንብ የለም፤ ሣር አለ፣ አግዳሚ አለ፣ በሱቄ ደጅ ሦስት ጃንጥላ ተተክሏል፣ ከበላዩም "ባህላዊ ካፌ" ተብሎ ተጽፏል። ወገቧ ቀጭን የሆነች አንዲት ሴት ስኒ ይዛ ትስቃለች። እኔ ሃያ ዓመት ገመድ በክንዴ ለክቼ የሸጥኩ ሰው ነኝ። የወር ደመወዝተኛ ደጄ ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ ሲያዝዝ ታየኝ። ጨው የሚልስ ደንበኛ ሰልችቶኝ ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው።

"እንደ ቀኑ ነው" አልኩት።

ውሸት አይደለም። ቃሉን ሚዛን ላይ ብታወጡት ግራም አይጎድለውም። በሚዛን የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን መልስ ያውቅበታል። ባለሙያው አመስግኖኝ ሄደ፤ በጥናቱም "በአብዛኛው ጥቅም ላይ ያልዋለ ቦታ" ተብሎ ተጻፈ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ወረዱ። በቅሏቸውን ግንዱ ላይ አስረው፣ ድንጋዩ ላይ አረፍ ብለው ጠሩኝ።

"ምን ሊሠሩበት ነው አሉ፣ ይሄን ቦታ?"

"አደባባይ ነው አባቴ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ሰው ይቀመጥበታል፣ ይናፈስበታል።"

"እዚህ ከተማ ሰዉ ቤት የለውም?"

"አለው።"

"ንፋስስ የለም?"

"አለ።" ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በዓይናቸው በቅሎዋን አሳዩኝ።

"ይቺሳ?"

"ቦታ ይፈለግላታል።"

"ማን ይፈልግላታል?"

"ኮሚቴው።"

"ኮሚቴው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ትንሽ ተመለከቱኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው ተነሱ። "እንግዲያ አንተ ካለህበት ምን ቸገረኝ" አሉ። ለአገራቸው ሰውም እንዲያው ነገሩ፤ ማንም አቤት ሳይል ቀረ።

የበቅሎዎቹን ቦታ በሚቀጥለው ማክሰኞ አነሳለሁ ብዬ ነበር። በዚያ ማክሰኞ ስለ ቀለም ምርጫ ተወያየን። በሚቀጥለውም ስለ ቀለም።

ሥራው ሲጀመር ሕዝቡ የባለቤትነት ስሜቱን በአስተዋጽኦ ያሳይ ተባለ። ሊቀ መንበር ነኝና ቀድሜ አሳየሁ፤ ዳሱን አፈረስኩና ሃያ ስድስቱን ቆርቆሮ ሰጠሁ። በእሱ "የንባብ ጎጆ" ተሠራ። ውስጡ መደርደሪያ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪና ሽፋኑ የወደቀ ስለ ንብ እርባታ የሚናገር መጽሐፍ አለ፣ በሩ ላይ ቁልፍ አለ። ቁልፉን የያዘው ገንዘብ ያዣችን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ጎጆው ከተመረቀ ጀምሮ የተከፈተበትን ቀን አላውቅም። ዝናብ ሲመጣ ሰዉ ከውጭ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

አሮጌ የመኪና ጎማ ተሰብስቦ ቀይና ሰማያዊ ተቀባ፣ አበባ ተተከለበት። የማውረጃውን ድንጋይ ቢጫ ቀቡት። ግንዱን ደግሞ ነቀሉት። ነቅለው አልማገዱትም፤ ቢማግዱት ይሻል ነበር። ላጉት፣ ቫርኒሽ ቀቡት፣ መሃል ላይ በሲሚንቶ መልሰው አቆሙትና ከሥሩ ሰሌዳ ለጠፉ፤ "የአካባቢው ባህላዊ ቅርስ። ማሰርና መደገፍ ክልክል ነው።"

በምርቃቱ ዋዜማ መተዳደሪያ ደንብ አመጡልኝ። አሥራ አራት አንቀጽ ነው። እኔ የብድር ውል ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ አራተኛ ለሰው አስነብቤ ነው የምፈርመው። ይሄ የሕዝብ ስለሆነ ሳላነብ ፈረምኩ።

ምርቃቱ ላይ ሦስት ሰዎች ተናገሩ። ሦስቱም ሐሳቡ ከሕዝቡ የመነጨ እንደሆነ ለሕዝቡ አስረዱ። ሪባኑን ሊቆርጡ ሲሉ መቀሱ ደነዘ፤ ከሱቄ አንድ አዲስ ማጭድ ሮጠው ወሰዱ። ሪባኑ ተቆረጠ። ማጭዱን ከዚያ በኋላ ያየ የለም።

ቅዳሜ ደረሰ።

ሥራው እስኪያልቅ ቦታው ታጥሮባቸው መንገድ ዳር ሲያስሩ የከረሙት የጉና ሰዎች እንደ ወትሯቸው ረፋድ ላይ ደረሱ። መንገዱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ አረንጓዴውን ሣር አዩና ቆም አሉ። ሽማግሌው ግን አልቆሙም። በቅሏቸውን እየሳቡ ቀጥ ብለው በሣሩ መሃል አለፉና ግንዱ ላይ አሰሯት። ድንቹን ቢጫው ድንጋይ ላይ አወረዱ። በቅሎዋ ጊዜ አላጠፋችም፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ አደባባዩን መብላት ጀመረች።

ኮሚቴው የቀጠረው ጥበቃ ፊሽካውን ነፋ። ሽማግሌው ዞር ብለው ማንን እንደሚጠራ ፈለጉ።

"አባባ፣ ይፍቷት! ክልክል ነው!"

"ምኑ?"

"ማሰር ነዋ!"

"ማሰሪያ ላይ?"

"ማሰሪያ አይደለም፣ ቅርስ ነው!"

"የማን ቅርስ?"

"የሕዝብ!"

"እኔ ነኝኮ ያመጣሁት፣ ልጄ" አሉት፣ ቁጣ የለበትም፤ የተሳሳተ ሰው እንደሚያርሙ ሆነው። "እዚህ ያለው ሰው ይነግርሃል።" እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

እኔ በሱቄ ደጅ ቢጫ ሰደርያዬን ለብሼ ቆሜ ነበር። ጥበቃው ከኪሱ ደንቡን አወጣና ጮክ ብሎ አነበበ። አንቀጽ ዘጠኝ፤ በአደባባዩ ክልል ማናቸውንም የጋማ ከብት ማስገባትና ማሰር የተከለከለ ነው፤ የተላለፈ ይቀጣል። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አነበበ፤ "የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፊርማ።" በጣቱ እኔን አሳየ።

ሽማግሌው ወረቀቱን አላዩም። እኔን ነው ያዩት።

"አንተ ነህ?"

"አባቴ፣ ደንቡ . . . ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ" አልኩ።

ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ገንዘብ ጠየቁኝ እንዴ? ሃያ ዓመት አንድ ቀን ገንዘብ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?

እማማ ከጥጋቸው፣ "ፈርሞባቸዋል እኮ! እኔ ጆሮ ያለው ወንበር ሳልኩ፣ እሱ ሳያይ ፈረመ!" ብለው ለገበያው ሁሉ አሰሙ።

ሽማግሌው ቅጣቱን ራሳቸው ከፈሉ። ቆጥረው ለጥበቃው ሰጡት፤ እኔ ከፈልኩላቸው የሚባል ነገር እንዳይኖር ይመስለኛል። ቋጠሮውን ሲፈቱ እጃቸው ግንዱን ዳበስ አደረገው፣ ቫርኒሹ ተጣበቀባቸው፣ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ድንቹን መልሰው ጫኑ። የአገራቸው ሰው ከኋላ ተከተለ። አርባ የሚሆን የጋማ ከብት ነው፤ ባለሙያው በሚካኤል ቀን ያጣው ሁሉ ያን ዕለት ተሰልፎ በፊቴ አለፈ።

የሄዱት ከከተማው ጫፍ ካለው ወንዝ ማዶ ነው። እዚያ አንድ ጨው ነጋዴ በራሱ ቦታ ጫፍ ላይ ሦስት ወፍራም ግንድ ተክሎ፣ ገንዳ ላይ ውሃ ሞልቶ ጠበቃቸው። ግንዱን የተከለው የእኛ ምርቃት ዕለት ነው አሉ። ሰውየው ስብሰባ አልጠራም፣ ሕልም አላስጻፈም፣ ስለ ቀለም አላወያየም። ሦስት ግንድ ተከለ። በወሩ እማማም ከነሣራቸው፣ ኮርቻ ጠጋኙም፣ ቆሎ ቆይዋም ተከትለው ተሻገሩ። ጭቃውን የጉና ሰዎች ራሳቸው በድንጋይ ደለደሉት። አደባባይ የሚባል ነገር በዚህ ከተማ ካለ እዚያ ነው።

የእኔ ደጅ ግን ንድፉን መሰለ፤ እንከን አይወጣለትም። ስድስት የላስቲክ ወንበርና አንድ ጃንጥላ ገዛሁ። ደመወዝተኛው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሱፉን ከኪሱ አውጥቶ ፈለፈለ። "ጋሼ፣ መቶ ብር ይዘርዝሩልን" ይሉኛል። "ጋሼ፣ ስልክ የምሰካበት ይኖራል?" ይሉኛል። ማኪያቶ ያዘዘኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም የለም ስለው ገመድ ልግዛ ብሎ አላዘነልኝም።

ባለሙያው ለግምገማ ተመለሰ። ጫማው አሁንም ነጭ ነው፤ አሁን ግን ቦታው ስለማያበላሽበት ደስ ብሎታል። "ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?" ሲለኝ የሚካኤልን ነገር ነገርኩት። እርሳሱን አስቀመጠ።

"ለምን ያኔ አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅከኝም ብዬ ላመልጥ ነበር።"

"ጠይቄዎታለሁ።"

"ጠይቀኸኛል።"

ልጁን ስንቀው የኖርን ሰዎች ነን፤ በጫማው ስቀን፣ በወረቀቱ ስቀን። የማያውቀውን ግን ጠይቆ ነበር። የማውቀውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ካልጻፍኩ የቀረው ሁሉ ሐሜት ነው።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለኝ።

"ግንዱን መልሱልኝ።"

"ግንዱ በፕሮጀክቱ ንብረት መዝገብ ላይ ነው። አውጥቶ ለመስጠት ኮሚቴው መጠየቅ አለበት።"

"ኮሚቴው እኔ ነኝ።"

"ለኮሚቴው የሚጻፈው ደግሞ ለሊቀ መንበሩ ነው" አለና እሱም ገብቶት ሳቀ። ለራሴ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ተቀበልኩ፣ ወደ እነሱ መራሁት። መልስ አልመጣም።

ከፋሲካ በኋላ ሁለት አስታራቂ ይዤ ወደ ሽማግሌው ቤት፣ ወደ ጉና ወጣሁ። እስከ መንገዱ መጨረሻ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እንደ ደንቡ ደጃቸው ላይ ቆመን ለዕርቅ እንደመጣን አሳወቅን። ሳያስለምኑን አስገቡን። የገብስ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ጥፋቴን ከሚካኤል ቀን ጀምሮ ተናገርኩ። "እንደ ቀኑ ነው" ያልኩትንም አልደበቅኩም። እዚህ ላይ ብቻ ፈገግ አሉ።

"እውነትም እንደ ቀኑ ነው" አሉ። "በሉ፣ ታርቄዋለሁ። ብላ፣ አትፍራ።"

በልቼ ጠጥቼ፣ መንገድ ሲሸኙኝ የመጣሁበትን አነሳሁ። ከሱቄ ጓሮ አጥሬን አፍርሼ ቦታ እንዳዘጋጀሁ፣ ግንድ እንደተከልኩ፣ ዳስ እንደምሠራ ነገርኳቸው።

"የምን ግንድ ነው?"

"ባሕር ዛፍ።"

"ጥሩ ነው" አሉ። "እናያለን።"

እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ። "እናያለን" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያው ነው የማያውቀው። ቢሆንም ከእሱ ብሼ ጠየቅኩ፤

"ታርቀንም አይመጡም አባቴ?"

"ልጄ፣ ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም። በቅሎዋ ግን ያንኛውን ለመደች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ሳልስባት ራሷ ትታጠፋለች። አሁን በእርጅናዬ ከእሷ ጋር ልጣላ?"

ጋቢያቸውን አጣፍተው ተመለሱ። እኔም ወረድኩ።

ከዚህ ሁሉ ነገር ያተረፉት እማማ ናቸው። የአደባባዩ ሣር ሲያድግ የሚያጭድ ጠፍቶ ኮሚቴው እሳቸውን ቀጠረ። እያጨዱ ወንዙ ማዶ ወስደው ለጉና በቅሎዎች ይሸጡታል። ማጭዱን ከእኔ በዱቤ ወስደዋል፤ "ስትፈርምልኝ እከፍልሃለሁ" ይሉኛል፣ ሰው በሰማ ቁጥር።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ሃያ ስድስት ቆርቆሮ፣ የተቆለፈ ጎጆ ላይ ነው። የሪባኑ ማጭድ አልተመለሰም። የወይራው ግንድ አደባባዩ መሃል፣ ሰሌዳው ከሥሩ። በጓሮዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታሰሩ አምስት አህዮችና አንድ በቅሎ፤ ቀድሞ አርባ ነበሩ። ከሽማግሌው ጋር ታርቀናል። ጨው የሚገዙት ከወንዙ ማዶ ነው።